ከሚዛን እስከ ቴፒ በአንድ አፍንጫ

ሰው «ምንም አይደል፣ ጉንፋን ነው» ሲለኝ አሁን አሁን ይጨንቀኛል። ቀድሞ እንዲህ አልነበርኩም። ጉንፋን ማለት ለእኔ ጋቢ ተከናንቦ መነጫነጭ፣ ትኩስ ነገር መጠጣት፣ ከዚያ መርሳት ነበር። እናንተስ? የሚያስነጥስ ሰው ስታዩ «ይማርህ» ብላችሁ አታልፉም? እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ዘንድሮ ግን ጉንፋን ቤቴ ገብቶ የባሌን አፍንጫ ይዞብኝ ወጣ።

አፍንጫውማ ፊቱ ላይ አለ። እንዲያውም ትልቅ ነው፤ የሠርጋችን ፎቶ ላይ ከእኔ ቀድሞ የሚታየው እሱ ነው። የጠፋው ማሽተቱ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ምን አለበት፣ ዓይኑ አልጠፋ» ትሉ ይሆናል። ቆዩኝማ።

ባሌ ማርቆስ ይባላል፤ እኛም የምንበላው በዚያው አፍንጫ ነው። ሚዛን ውስጥ ቡና የሚገዛ ነጋዴ ጆንያውን ከመረከቡ በፊት እሱን ያስጠራል። ማርቆስ እጁን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ይከታል፣ ከሥር አንድ እፍኝ ያወጣል፣ እፍ ይልበታል፣ ከዚያ አፍንጫውን ይደፋበታል። «ሻግቷል» ካለ ሻግቷል። «ጭስ ገብቶበታል» ካለ ባለቡናው ራሱ «አዎ፣ ማድቤት ነበር ያስቀመጥኩት» ብሎ ያምናል። ከማሻ ድረስ ሰው የሚልኩበት ጊዜ ነበር። ሌላው በመሬቱ ይኮራል፣ የእኔ ባል በአፍንጫው ይኮራል። ጎረቤት ወጥ ሲያር በአጥር ላይ ጮሆ የሚነግራቸው እሱ ነበር። ደግሞ ያረረው ምስር ይሁን ሽሮ ለይቶ ነው የሚነግራቸው፤ ሴቶቹ አይወዱለትም።

ጉንፋኑ የመጣው በዝናቡ መሀል ነው። ከተማው በሙሉ ይስል ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ መዘምራኑ እየዘመሩ ሳይሆን እየተቀባበሉ እየሳሉ ነው የሚጨርሱት። ማርቆስም ተራው ደርሶት አተኮሰው፣ አስነጠሰው፣ ተነሣ። ዳነ ብለን ደስ አለን። ከዚያ አንድ ጠዋት ሽንኩርት እሳት ላይ ጥጄ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ ረሳሁት። ሮጬ ስገባ ቤቱ ሸቷል፣ ማርቆስ ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብሎ ስልኩን ይነካካል። አይሸትህም ወይ ብዬ ጮህኩበት። ቀና ብሎ ድስቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ፊቱ ሲለዋወጥ ዓይኔ እያየ ነው።

ተነሥቶ የኮረሪማውን ጣሳ ከፍቶ አፍንጫውን ከተተበት። ቡናውን ከፈተ። ነጭ ሽንኩርት ቀጠቀጠ። መጨረሻ ላይ የላምባውን ጠርሙስ ከፍቶ ሲያሸት ነው እኔ የደነገጥኩት። «ውሃ ነው፣ አስቴር» አለኝ። አስቴር እኔ ነኝ። እንደዚያ ቀን ስሜን ሲጠራኝ ፈርቼ አላውቅም።

አማን ሆስፒታል ወሰድኩት። ያየችው ጤና መኮንን ገና ልጅ ናት፣ ግን ረጋ ብላ ነው የምታስረዳው። እሱ መርፌ ይሰጠኝ ብሎ ድርቅ አለ። እሷ ደግሞ እንዲህ አለችን፦ ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ አንዳንዴ አፍንጫን በንፍጥ ደፍኖ ብቻ አይተውም። ከላይ፣ ከአፍንጫ ጣሪያ ላይ ያለችውን፣ ሽታ የምትቀበለውን ስስ ቦታ ይጎዳታል። ስለዚህ ንፍጡ ቢደርቅም ሽታው ወዲያው አይመለስም። ለብዙ ሰው በሳምንታት ይመለሳል፣ ለአንዳንዱ ወራት ይፈጃል፣ ለጥቂቱ ደግሞ… እዚህ ላይ ማርቆስ ፊቱን ሲያዞር አየችና አልጨረሰችውም። መርፌውን ትታ መልመጃ አዘዘችለት። ጠዋትና ማታ ኮረሪማ፣ ሎሚ፣ ዝንጅብል፣ ቡና እየቀያየረ ቀስ ብሎ እንዲያሸት፣ እያሸተተም ቀድሞ እንዴት ይሸቱት እንደነበር እንዲያስብ ነገረችው። ስንት ዓመት በማሽተት የኖረ ሰው ማሽተት ተለማመድ ሲባል ምን እንደሚሰማው አስቡት።

ልንወጣ ስንል ስለ ጆሮም አነሣች። አፍንጫና ጆሮ ከውስጥ በቀጭን ቧንቧ ይገናኛሉ፣ ስለዚህ ጉንፋን ጆሮንም ይደፍናል አለች። ብዙውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ይከፈታል። ነገር ግን የአንድ ሰው አንድ ጆሮ በድንገት ጭጭ ካለ፣ ጉንፋን ነው ይለቀዋል ብሎ መቀመጥ የለበትም። ነርቩ ተነክቶ ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ካልታከመ መድኃኒቱም ላይረዳው ይችላል አለችን። እኔ ግማሹን ነው የሰማሁት። ደግሞ የማን ጆሮ ነው አሁን አልኩ በሆዴ።

ማርቆስ ለማንም እንዳልተነፍስ ቃል አስገባኝ። ልክ ነበር። አፍንጫ የሌለውን አሽታች ማን ይጠራል? እዚህ አገር አንዴ «አፍንጫው ጠፋ» ከተባለ፣ አፍንጫው ቢመለስ እንኳ ስሙ አይመለስም። በዚያው ሰሞን ደግሞ ቴፒ ያለ አንድ ትልቅ ነጋዴ ብዙ ቡና ሊረከብ ነውና ና ብሎ ላከበት። እምቢ ቢል «ለምን?» ሊባል ነው። ቢሄድ ደግሞ ምኑን ያሸታል?

መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከአሽታች ጋር ስኖር እኔም ማሽተት ለምጃለሁ። ስለዚህ ሚስቴ ቴፒ ዘመድ ልትጠይቅ ነው ብሎ ይዞኝ ይሄዳል። እሱ እፍኙን ሲያሸት እኔ አጠገቡ ቆሜ አሸታለሁ። ደህና ከሆነ አንዴ በክርኔ እነካዋለሁ። ደህና ካልሆነ ሁለቴ። ሰሞኑን ዝናብ ስለሆነ ደህና ያልሆነ ሁሉ ሻጋታ ነው ብለን ተስማማን። ቤት ውስጥ ተለማመድነው። ሌላ ምልክት ያስፈልገናል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

በጠዋት አባዱላ ተሳፈርን። ጋቢና ገባን፤ እኔ መሀል፣ ማርቆስ በመስኮቱ በኩል። ሹፌሩ ከድር ይባላል፤ ወላጆቹ ከጅማ የመጡ፣ ከልጅነቱ የምናውቀው ሰው ነው። ረዳቱ አልመጣም ነበር። እሱም ጉንፋን ጥሎት ተኝቷል አሉ። ከድር ራሱ አፍንጫው ተደፍኖ በአፉ ነው የሚተነፍሰው። ማርቆስ ከኪሱ ሎሚ አውጥቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ መልመጃውን ጀመረ። ላየው ሰው ያቅለሸለሸው ነው የሚመስለው።

ከሚዛን ቴፒ ያለውን መንገድ የማታውቁ ካላችሁ፣ ጫካ ነው፣ ኩርባ ነው፤ ሲዘንብ ደግሞ ጭጋጉ መንገዱ ላይ ይተኛል። የእኛ ሹፌሮች እንዲህ ባለ ቀን ኩርባ ሲደርሱ በጆሮ ነው የሚነዱት። ክላክስ ይነፋሉ፣ መስኮት ዝቅ ያደርጋሉ፣ ያዳምጣሉ። ከወዲያ መልስ ካልመጣ ይታጠፋሉ። መልስ ከመጣ ጥጋቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ተሳፋሪውም ይህን ስለሚያውቅ ኩርባ ላይ ወሬ ያቆማል። አማርኛ ያልተዋጣለት እንግዳ እንኳ ሌላው ዝም ሲል ዝም ይላል።

ከድር ነፋ። ዝም አልን። ከፊታችን የሞተር ሳይክል ጥሩንባ ጥርት ብሎ መለሰ። እኔ ይቆማል ብዬ ስጠብቅ፣ ከድር በመስታወት ወደ ኋላ አየና ታጠፈ። ሞተሩ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ብሎ በጎናችን ሽው አለ። ሰውየው የሰደበን ስድብ ከኋላችን ቀረ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ሞተረኛውን ረገሙ። እኔ ግን የከድርን ፊት አይቼ ነበር። ሰምቷል፤ ከየት እንደሰማ ግን አላወቀም።

ስሙን ጠራሁት። ዝም። ደግሜ ጠራሁት፣ ከጎኑ ተቀምጬ። ዝም። ክንዱን ስነካው ፊቱን በሙሉ አዞረልኝ። ያን ጊዜ ነው የጤና መኮንኗ ነገር ትዝ ያለኝ።

«ጆሮህን ምን ሆነሃል?»

ዝቅ ብሎ ነገረኝ። ከትናንት ወዲያ ሲነቃ ቀኙ ጭጭ ብሏል፤ ውስጡ ይጮህበታል፤ በግራው ድምፅ ይሰማል፣ አቅጣጫው ግን ይጠፋበታል። ጉንፋን ነው፣ ይለቀዋል አለኝ። ከዚያ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ለመነኝ።

«አትንገሪብኝ፣ እትዬ። ባለመኪናው ከሰማ ለሌላ ይሰጠዋል።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔማ ወርዳችሁ በእግራችሁ ሂዱ ልበላቸው? በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ጫካ? ሕፃን ያዘለች አለች፣ ገበያተኛ አለ። ደግሞ አንዱን ምስጢር ደብቄ ሌላውን ላወጣ ነው? ቀስ ብለህ ንዳ፣ እኔ እሰማልሃለሁ፣ በእጄ እየጠቆምኩ ከፊት ነው ከኋላ ነው እልሃለሁ አልኩት። እንደዚያ እያደረግን ሸኮ ደረስን። የሰው ነፍስ በጣቴ ላይ ነበር። ማርቆስ ሎሚውን ያሸታል። ልገለው ምንም አልቀረኝም።

ሸኮ ላይ አንድ ሽማግሌ ጆንያ ይዘው ገቡና ከኋላችን ተቀመጡ። ከዚያ ቁልቁለቱ ጀመረ። ከድር ዘዴውን ጠብቆ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ቀስ ማለቱ ነው ጉዱን ያመጣው። እግሩን ከፍሬኑ ላይ አላነሣም። ትንሽ እንደወረድን አንድ ነገር ሸተተኝ። የተቃጠለ፣ ጉሮሮ የሚከረክር። ሕፃን ያዘለችው ሴት ቀደመችኝ፤ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል አለች። አንዱ ጎማ ነው አለ። ሌላው ከሰል የሚያከስሉ ናቸው፣ ከውጭ ነው አለ። ጭቅጭቅ ተነሣ። መሀል ላይ አንድ ሰው፣ ምን ትከራከራላችሁ፣ ጋሼ ማርቆስ እዚህ ቁጭ ብሎ አለ። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ጋቢናው አሰገገ።

ማርቆስ ሎሚውን ኪሱ ከተተ። መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ አየር ሳበ። እኔን አላየኝም፣ ግን ክርኑን ወደ እኔ ጠጋ አደረገ። እኔም ደንግጬ ስለነበር ሌላ ነገር አላሰብኩም። ደህና አይደለም ለማለት ሁለቴ ነካሁት።

«ሻጋታ ነው» አለ ባሌ፣ ጮክ ብሎ።

ልናደድበት ይሆን? በምልክታችን መሠረት ልክ ነው። የገረመኝ የሌሎቹ ነው። አሁን የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል ያለችው ሴት አንዴ ሳብ አድርጋ፣ አዎ እኮ ሻጋታ ሻጋታ ይላል አለች። ከሰል ነው ያለውም እኔም ጠርጥሬ ነበር አለ። ከዚያ ሁሉም ዞሮ የሽማግሌውን ጆንያ ማየት ጀመረ። የሻገተ ቡና ይዘው ገብተው ሰው ያፍናሉ ተባለ።

ሽማግሌው ጆንያቸውን አቀፉት። «እኔ ቡና የለኝም» አሉ። «ኮረሪማ ነው። ፍቱ፣ እዩ።»

እየፈቱ ሳለ ሽታው ባሰበት። ዓይኔ ማንባት ጀመረ። ማርቆስን ሦስቴ ነካሁት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ሦስት ምንድነው አለኝ። ፍሬን ነው፣ ፍሬኑ እየተቃጠለ ነው አልኩት። አሁን ሻጋታ ያለ ሰው እንዴት አሁኑኑ ፍሬን ይላል? ፊቱ ላይ ላብ ወጣ። ያን ጊዜ ቃሌን በላሁና ዞሬ ለሁሉም ነገርኳቸው። ሻጋታ አይደለም፣ የፍሬን ሸራ ነው የሚቃጠለው አልኩ። አንዱ ሰው ሳቀ። እትዬ፣ ጋሼ ማርቆስ ያለውን ሰምተናል አለኝ። ከድርን ጮሄ ጠራሁት። የተቀመጥኩት በደነቆረው ጆሮው በኩል ነው። ዓይኑን ጭጋጉ ላይ ተክሎ ይወርዳል። በቀኜ አፍንጫ የሌለው፣ በግራዬ ጆሮ የሌለው፣ ከኋላዬ ኮረሪማ የሚበረብር ሕዝብ። እግዚአብሔር ሆይ፣ አፍ የሰጠኸኝ ለዚህ ነው ወይ አልኩ።

ማርቆስ ወደ ኋላ ዞረ።

«አፍንጫዬ አይሠራም» አለ። «ጉንፋኑ ወስዶብኛል። ሻጋታ ያልኩት ከራሴ ነው። እሷን ስሟት።»

እኔ ይህን ሰው ሳገባው እንኳ እንደዚያ ቀን አልወደድኩትም። ይህን ለማለት ግን ጊዜ አልነበረም። የከድርን አገጭ ይዤ ፊቱን ወደ እኔ አዞርኩትና ፍሬን አልኩት። ከአፌ አነበበው። ፍሬኑን ሲረግጥ ፔዳሉ ሳይዝ ወደ ውስጥ ገባ። ደግሞ ረገጠ። ባዶ። መኪናው ፈጠነ። ኋላ ያሉት አሁን ገባቸው፤ ኮረሪማው መሬት ላይ ሲበተን ይሰማኛል።

ከድር ማርሽ ቀነሰ። ሞተሩ ጮኸ። ደግሞ ቀነሰ። እጅ ፍሬኑን ቀስ እያለ ሳበው። ከፊታችን ኩርባ አለ፤ ከኩርባው ወዲያ ምን እንዳለ በጭጋጉ አይታይም። ክላክሱን ተጫነ። ተመለሰለት። ወፍራም ድምፅ፣ የጭነት መኪና። እኔ በሞተሩ ጩኸት መሀል ከየት እንደመጣ አልለየሁም። ከድር ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ። ያን ጊዜ ማርቆስ ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ሲያዳምጥ ነበርና ተመልሶ ክንዱን በእኔ ላይ አሳልፎ የከድርን ትከሻ ጨመቀው፤ በሌላው እጁ ፊት ለፊት ጠቆመ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ወደ ተራራው።

ከድር አልጠየቀም። መሪውን ወደ ቀኝ ሰበረ። ቦዩ ውስጥ ገባን፣ ጎናችን አፈሩን እያረሰ ሄደ፣ መስታወቱ ተገነጠለ፣ የቡና ቅርንጫፍ በማርቆስ መስኮት ገብቶ ፊቱን ገረፈውና ቆምን። አይሱዙው በጎናችን አለፈ። ሙሉ ጭነት ነበረው።

ሁሉም በእግሩ ወረደ። ሕፃኑ እንኳ አልነቃም። ከኋላ ጎማ ጭስ ይወጣል። ከድር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሽማግሌው ኮረሪማቸውን ይለቅማሉ። ቅድም የፈተሿቸው ሰዎች አብረዋቸው ለቀሙ።

በሌላ መኪና ቴፒ እንደገባን ከድርን በክንዱ ይዤ ሆስፒታል ወሰድኩት። አልሄድም፣ ይለቀኛል ቢለኝም አልለቀቅኩትም። ነርቩ ነው፣ ደግነቱ ሳይቆይ መጣ ተብሎ መድኃኒት ተጀመረለት። አሁን ጆሮው አብዛኛው ተመልሶለታል፤ መኪናዋም ተሠርታ በእሱ እጅ ናት። ባለመኪናው ነገሩን ሲሰማ ተቆጣ፤ ግን የት ሄዶ እንዲህ ያለ ሹፌር ያገኛል? የማርቆስ አፍንጫ ገና ነው። አንዳንድ ቀን ሎሚው ብልጭ ይልልኛል ይላል። ሌላ ቀን ቡናው ጎማ ጎማ ይሸተኛል ብሎ ይበሳጫል። ጤና መኮንኗ ይህም መመለስ ሲጀምር የሚመጣ ነው ትለዋለች።

ያን ቀን ነጋዴው ጋ ስንደርስ ግን ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ተሳፋሪው ሁሉ ስልክ አለው። ማርቆስ ደጃፉ ላይ ኮፍያውን አውልቆ፣ አፍንጫዬ ታሟል፣ ላታልልዎት አልመጣሁም አለ። በቃ አለቀልን ብዬ መሬት መሬቱን አየሁ። ነጋዴው ግን ሰምቻለሁ አለ፤ ሰው ያዳነችው እሷ ናት አሉኝ፣ እንግዲያው እሷ ታሽትልኝ አለ። እጄን እስከ ክርኔ ጆንያው ውስጥ ከተትኩ። ከሥር አወጣሁ፣ እፍ አልኩ፣ አሸተትኩ። ሌላውንም፣ ሌላውንም። ጥሩ ቡና ነበር።

«ደህና ነው» አልኩ።

ነጋዴው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ባሌን አየው።

«አቶ ማርቆስ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ማርቆስ ተደናግጦ፣ አይሸተኝም እኮ አልኩ አለ። ነጋዴውም አውቃለሁ፣ ቢሆንም አንዴ ያሽቱት አለው። ማርቆስ ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ ወሰደ። እፍ አለበት፣ አፍንጫውን ደፋበት፣ ዓይኑን ጨፈነ። ጆንያ ተሸካሚዎቹ ሁሉ ሥራ አቁመው ጠበቁት።

«ደህና ነው» አለ።

ነጋዴው እፎይ አለና ወደ ተሸካሚዎቹ ዞረ። «በሉ፣ አሁን አስገቡት» አላቸው።